ቃል የሚከፈልበትን ቦታ ስንለውጥ የድሮው ሰነድ ምን ይሁን?

(ለሶፍትዌር ሠሪዎችና ለኅትመት ባለሙያዎች በተዘጋጀ የምሽት ፕሮግራም ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አመሻችሁ? ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ ብዙ ናችሁ፤ ድካማችሁን ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከፊት የተቀመጣችሁ ታላላቆቼ፣ ይህን ሙያ ከእርሳስ ፊደል ለቀማ ጀምሮ የምታውቁት፣ ለእናንተ ልዩ አክብሮት አለኝ። ከኋላ ያላችሁት ወጣት ፕሮግራመሮች ደግሞ ዛሬ የምለምነው እናንተን ነው። ስለዚህ ስልኩን ትንሽ አስቀምጡልኝ።

የማወራው ትንሽ ስለሚመስል ነገር ነው። መስመር ሲያልቅ ቃሉ ካልተጨረሰ ምን እናደርጋለን? ከፍለን ግማሹን ወደ ታች እናወርዳለን። አንዳንዱ ጭረት ያደርጋል፣ አንዳንዱ አያደርግም። ሃይፈኔሽን የሚሉት ነገር ነው። ዛሬ ይህን የሚወስነው ሶፍትዌሩ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው። ሶፍትዌሩ ቃል የሚከፍልበትን ደንብ ስናሻሽል፣ በድሮው ደንብ የተሠሩት ሰነዶች ምን ይሁኑ?

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። የድሮው ሰነድ እንደ ድሮው ይውጣ። አዲሱን የፈለገ ሰው አዲሱን በስሙ ይጥራ። ሳይጠራ ማንም አይቀይርበት። ሳይጠራ ማንም አይቀይርበት!

ይህን በሦስት ነገር አስረዳለሁ። አንደኛ፣ አንዲት ጭረት ለምን ሙሉ መጽሐፍ እንደምታንቀሳቅስ። ሁለተኛ፣ ከእኛ በፊት ይህ ነገር የገጠማቸው ሰዎች ምን እንዳደረጉ። ሦስተኛ የራሳችን አማርኛ ነው። እዚያ ላይ ቆየት እላለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ እጠራለሁ።

አንደኛው።

ቴክ የሚባለውን የጽሑፍ ማቀናበሪያ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዶናልድ ክኑዝ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ መጨረሻ የጀመረው ነው። ተማሪው ፍራንክ ሊያንግ በ1983 የዶክትሬት ጽሑፉን የሠራው በዚሁ በቃል አከፋፈል ላይ ነበር። አስቡት፣ አንድ ሰው ዶክትሬቱን በመስመር መጨረሻ ላይ ሠራ! ዘዴው እስከ ዛሬ ይሠራል። ሙሉ መዝገበ ቃላት ኮምፒውተሩ ላይ ከመጫን ይልቅ ከመዝገበ ቃላቱ አጫጭር የፊደል ቅንጅቶችን ለቀመ። በፊደሎቹ መካከል ቁጥር አስገባ። ቁጥሩ ጎደሎ ከሆነ እዚያ ላይ መክፈል ይቻላል። ተጋማሽ ከሆነ አይቻልም። ሁለት ቅንጅቶች ካልተስማሙ ትልቁ ቁጥር ያሸንፋል። ለእንግሊዝኛ 4,447 ቅንጅቶች ወጡ። ከመዝገበ ቃላቱ የመክፈያ ቦታዎች ውስጥ 89 ከመቶ ያህሉን ያገኛሉ። ክኑዝ ከዚያ ላይ 14 ቃላትን ብቻ በእጁ ጨመረ።

እሺ፣ ይሄ ቃሉ የት እንደሚከፈል ነው። መስመሩ የት እንደሚያበቃስ ማን ይወስናል? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። ቴክ መስመር በመስመር እየሞላ አይሄድም። ሙሉ አንቀጹን አንድ ላይ ያያል። ክኑዝና ማይክል ፕላስ በ1981 ያሳተሙት ስልት ነው። መጀመሪያ አንድም ቃል ሳይከፍል ይሞክራል። ካልተሳካለት ቃላቱ የሚከፈሉበትን ቦታ ፈልጎ እንደገና ያሰላል። በጭረት የሚያበቃ መስመር ሁሉ ቅጣት ይጻፍበታል። ሁለት ተከታታይ መስመሮች በጭረት ካበቁ ቅጣቱ ይከብዳል። በመጨረሻ አጠቃላይ ቅጣቱ ያነሰውን አሰላለፍ ይመርጣል።

ይህ ማለት ምን ማለት ነው? በስምንተኛው መስመር ላይ ያለ አንድ ቃል የመክፈያ ቦታው ቢለወጥ ሁለተኛው መስመር ሊለወጥ ይችላል ማለት ነው። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል አንድ ሰው ብቻ አይጠጋም፤ ወንበሩ በሙሉ ይንቀሳቀሳል። አንቀጹም እንዲሁ ነው። አንድ መስመር ይረዝማል። ገጹ ሞልቶ ከነበረ የመጨረሻው መስመር ወደ ቀጣዩ ገጽ ይሻገራል። የግርጌ ማስታወሻው ይከተለዋል። ሥዕሉ ቦታ ያጣል። ማውጫው ላይ ያለው የገጽ ቁጥር ከእውነቱ ጋር አይገናኝም። ይሄ ሁሉ አንድ ፊደል ሳይጨመር፣ አንድ ፊደል ሳይቀነስ!

አንድ ገጠመኜን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ለድጋሚ ኅትመት መጣልኝ። የመጀመሪያውን እትም ያቀናበረው ሌላ ቤት ነው። ደንበኛው «ምንም እንዳትነካብኝ፤ ሁለት የፊደል ግድፈት አርመህ ብቻ ስጠኝ» አለኝ። ፋይሉን ከፈትኩት፣ ሁለቱን ግድፈቶች አረምኩ፣ አተምኩ። ፕሩፉን፣ ማለትም ለእርማት የሚታተመውን ናሙና፣ ለአራሚያችን ሰጠሁ። ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ በእርማት ያሳለፉ ሰው ናቸው። የድሮውን መጽሐፍ በግራ፣ አዲሱን ፕሩፍ በቀኝ አድርገው ትንሽ ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው «ልጄ፣ ይኼ ሌላ መጽሐፍ ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ሶፍትዌሩ በሁለቱ እትሞች መካከል ታድሷል። የመስመር አሰባበሩን አሻሽለውታል። አዎ፣ አሻሽለውታል! አንቀጾቹን ለየብቻ ካያችኋቸው ከበፊቱ ያምራሉ። ግን የመምህሩ መምሪያ የሚባል ሌላ መጽሐፍ አለ። እሱ ታትሞ በየትምህርት ቤቱ ተሰራጭቷል። «ተማሪዎች ገጽ 57 ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ይመልከቱ» ይላል። ሠንጠረዡ ደግሞ 58 ላይ ሄዷል። ግማሹ ክፍል የድሮውን እትም ይዟል፣ ግማሹ አዲሱን ሊይዝ ነው። መምህሯ «ገጽ 57 ክፈቱ» ስትል ምን ይፈጠራል? መውጫ ያገኘነው አሮጌ ስሪት የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር አንድ ወዳጄ ጋ ስለነበረ ብቻ ነው። ያ ማሽን ተሸጦ ቢሆንስ ኖሮ? ጋሼ ባያዩትስ ኖሮ?

ሁለተኛው። ሌሎች ምን አደረጉ?

ክኑዝ ያደረገው ጠንከር ያለ ነው። በ1990 ቴክ ከእንግዲህ አይለወጥም አለ። ስህተት ሲገኝ ብቻ ይታረማል። የስሪት ቁጥሩ 3.14 እያለ ፓይ ወደሚባለው የሒሳብ ቁጥር ይጠጋል፤ እሱ ሲሞት ፓይ ላይ ይቆማል። የእንግሊዝኛው የቅንጅት ፋይል አናት ላይ ደግሞ በምንም መንገድ እንዳይለወጥ የሚል ማሳሰቢያ ተጽፏል። ይህን ስትሰሙ «ግትርነት ነው» ልትሉ ትችላላችሁ። ቆይ፣ ፍሬውን ተመልከቱ። በዚያው በ1990 ከእሱ የተሻለ፣ ብዙ ቅንጅት ያለው የእንግሊዝኛ ፋይል ተሠርቶ ወጣ። ታዲያ የድሮውን ተካው? አልተካውም። በሌላ ስም ጎኑ ተቀመጠ። የፈለገ ሰው በስሙ ጠርቶ ይጠቀምበታል። ያልፈለገ ሰው ሰነዱ ትናንት እንደነበረው ይወጣለታል። መሻሻሉ አልተከለከለም። ሳይጠሩት መምጣቱ ነው የተከለከለው።

ጀርመኖች የገጠማቸው ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። እነሱ ላይ የተለወጠው ሶፍትዌሩ ሳይሆን ቋንቋው ነው። በ1996 የአጻጻፍ ማሻሻያ አወጁ። ድሮ «ስ» እና «ት» ድምፆች ጎን ለጎን ሲመጡ አይነጣጠሉም ነበር። መስኮት የሚለው ቃላቸው፣ ፌንስተር፣ «ፌን-ስተር» ተብሎ ይከፈል ነበር። ከማሻሻያው በኋላ «ፌንስ-ተር» ሆነ። ስኳር የሚለው ጹከር ድሮ በጭረት ሲከፈል ፊደሉ ራሱ ይለወጥ ነበር፤ አሁን ቀረ። ታዲያ የቴክ ሰዎች የድሮውን ፋይል አውጥተው ጣሉት? የ1980ዎቹ መጻሕፍት በአዲሱ ደንብ እንዲከፈሉ ፈረዱ? አልፈረዱም። የድሮው «ጀርመን» በሚለው ስም ቀረ። አዲሱ ከፊቱ አንድ ፊደል ተጨምሮበት ሌላ ስም አገኘ። ሁለቱም እስከ ዛሬ አሉ።

ይህ ብቻ አይደለም። በኋላ በጎ ፈቃደኞች ለሁለቱም ደንቦች በጣም የተሻሉ ቅንጅቶችን ሠሩ። እነዚህን ሲያስገቡ ያደረጉትን ልብ በሉልኝ፣ ፕሮግራመሮች። ቴክን በሚያስኬዱት የቀድሞ ፕሮግራሞች፣ በፒዲኤፍቴክ ላይ፣ ብዙ የቆየ ሰነድ አለ። እዚያ ነባሪው፣ ማለትም ሰው ምንም ሳይመርጥ የሚሠራው፣ የድሮው ሆኖ ቀረ። በአዲሶቹ፣ በዚቴክና በሉዋቴክ ላይ፣ አዲሱ ነባሪ ሆነ። ፒዲኤፍቴክ ላይ አዲሱን የሚፈልግ ሰው አንድ ትንሽ ጥቅል ጨምሮ ይጠራዋል። ሲጠራውም ስሙ ላይ ቀን አለበት! «የቅርብ ጊዜውን ስጠኝ» ማለት ይቻላል። «በዚህ ቀን የወጣውን ስጠኝ» ማለትም ይቻላል። ጽሑፉ ከአሥር ዓመት በኋላም እንዲሁ እንዲወጣ የሚፈልግ ሰው ባለ ቀኑን ይመርጣል። እኔ ይህን ዘዴ ከሁሉም አስበልጬ እወደዋለሁ።

ሉዋቴክን ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። በድሮው ቴክ የአንቀጽ የመጀመሪያው ቃል አይከፈልም። ሆን ተብሎ የተወሰነ የአጻጻፍ ሕግ አይደለም፤ የፕሮግራሙ አሠራር ያመጣው ነው። ጠባብ ዓምድ ላይ ረጅም ቃል አንቀጽ ከጀመረ ችግር ነው። ሉዋቴክ ይህን ገደብ አነሳው። ግን የቃል ድንበርን እንደ ድሮው አጥብቆ ለመያዝ የሚያስችል ማስተካከያ አብሮ አስቀመጠ። በቴክ ላይ የተሠራው የሰነድ ማዘጋጃ ላቴክም እንዲሁ ሄዷል። ለዓመታት እርማቶቹን ዋናው ፕሮግራም ውስጥ ሳያስገባ በተለየ ጥቅል ያስቀምጣቸው ነበር። በ2015 መንገዱን ቀየረና እርማቶቹን ዋናው ውስጥ ማስገባት ጀመረ። በተጓዳኝ ግን ሰነዱ አናት ላይ ቀን ተጽፎ «በዚያን ጊዜ እንደነበርክ ሁንልኝ» የሚባልበት በር ተከፈተ። መንገዱ ይለያያል። የድሮው ሰነድ በር ግን በሁሉም ዘንድ ክፍት ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። «የድሮው ስህተት ከሆነስ? ስህተትን ለምን እናቆያለን?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ፊደል የሚያጠፋ፣ ጽሑፍ የሚበላ ስህተት ከሆነ ዛሬውኑ ይታረም። በዚህ አንከራከርም። ቃል የሚከፈልበት ቦታ ግን ከዚህ ይለያል። ለምን? ሰዎች በላዩ ላይ ሠርተውበታላ! ሶፍትዌሩ መጥፎ ቦታ ላይ ሲከፍልባቸው በእጃቸው አስተካክለዋል። ዓረፍተ ነገሩን አሳጥረዋል፣ ቃል ቀይረዋል፣ በእጃቸው መክፈያ አስገብተዋል። እነዚያ ማስተካከያዎች ትክክል የሚሆኑት በድሮው አከፋፈል ላይ ብቻ ነው። ሥሩን ስታስተካክሉት ከላይ የተሠራው ይጣመማል።

ይህን የማያውቅ አማርኛ አንባቢ የለም። ድረ ገጽ ላይ ስታነቡ በመስመር መሃል «እንደ- ሚያስፈልግ» የሚል አላጋጠማችሁም? ጭረት፣ ከዚያ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ የቃሉ ግማሽ። ያ ምንድን ነው? አንድ ጸሐፊ ወይም ለቃሚ ሶፍትዌሩ አማርኛ ቃል መክፈል ስላልቻለለት በእጁ የከፈለው ነው። መስመሩ እዚያ ሲያልቅ ትክክል ነበር። ሌላ ቦታ ሲፈስ ቁስል ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ ወደ ሦስተኛው መጣን። ወደ አማርኛ።

የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር ቁጥር በሚያገኙበት መደብ ውስጥ፣ የገባው በ1999፣ በስሪት 3.0 ነው። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር ፊደላችንን ያውቀዋል። መስመራችን የት እንደሚሰበር ግን ያውቃል? እኛስ ተስማምተናል?

ሦስት ልማድ አለን። የመጀመሪያው የብራናው ነው። ብራና ላይ የጻፉ አባቶች መስመሩ ሲሞላ ፊደሉ ባለበት ያቆማሉ። ቀሪውን ወደ ታች ያወርዳሉ። ጭረት የለም። ሁለተኛው ቃሉን በጭራሽ አለመክፈል ነው፤ ዛሬ ስልክና ኮምፒውተር ላይ በብዛት የምናየው ይህንን ነው። ሦስተኛው በጭረት መክፈል ነው። በየማተሚያ ቤቱ የለመድነው ነው።

የብራናው ልማድ ለምን ያለ ጭረት ሠራ? አስባችሁበት ታውቃላችሁ? ሁለት ነጥብ ስለነበረ ነው! በየቃሉ መጨረሻ ሁለት ነጥብ አለ። መስመሩ ያለ ሁለት ነጥብ ካበቃ ቃሉ አላለቀም ማለት ነው። አንባቢው ይቀጥላል። አሁን ሁለት ነጥቡን በክፍት ቦታ ተክተናል። ክፍት ቦታ ደግሞ በመስመር መጨረሻ ላይ አይታይም። እስቲ ይህን ስሙ። አንዱ መስመር «ከበደ ሰማ» ብሎ ያበቃል። አንባቢው ከበደ የሆነ ነገር ሰማ ብሎ ያስባል። ቀጣዩ መስመር «ንያ ብር ከፈለ» ይላል። ለካ ከበደ የሰማው ነገር የለም፤ ሰማንያ ብር ነው የከፈለው! በሁለት ነጥብ ቢጻፍ ይህ መደናገር አይፈጠርም ነበር። ስለዚህ የአከፋፈሉ ደንብ ከሁለት ነጥቡ ጋር የተሳሰረ ነው። የግዕዝ ድርሳን በሁለት ነጥብ የሚያሳትምና የዛሬ ልቦለድ በክፍት ቦታ የሚያሳትም ሰው አንድ ዓይነት ደንብ አይፈልጉም።

አለመክፈሉስ አያዋጣም? አማርኛ ቃሉ ይረዝማል፣ ወንድሞቼና እህቶቼ። «እንደማያስፈልጋቸውም» አንድ ቃል ነው። በጋዜጣ ጠባብ ዓምድ ላይ ግራና ቀኙን እኩል አድርጋችሁ ስታስተካክሉ፣ ይህ ቃል ካልተከፈለ ከላዩ ያለው መስመር በቃላቱ መካከል ባዶ ሜዳ ይሆናል። ስለዚህ ለውጥ ያስፈልገናል። ለውጥ አትምጣ እያልኩ እንዳይመስላችሁ። በጣም ያስፈልገናል።

አሁን ያለውን ልንገራችሁ። በቴክ ዓለም በኢትዮጵያ ፊደል ለሚጻፉ ቋንቋዎች የተሠራ አንድ የጋራ ፋይል አለ። «ኢትዮፒክ» ይባላል። «አማርኛ» እና «ግዕዝ» ብላችሁ ብትጠሩም የሚመጣው እሱው ነው። ደንቡ በጣም ቀላል ነው፤ በፊደላት መካከል ሁሉ መክፈል ይቻላል። የሠሩት ሰዎች ሐቀኞች ናቸው። ፋይሉ ውስጥ ራሱ፣ ይህ ለየቋንቋው በትክክል የተጠና አይደለም፣ ለጥሩ ኅትመት ለየቋንቋው በሚሠሩ ፋይሎች መተካት አለበት የሚል ሐሳብ አስፍረዋል። እጃቸውን ዘርግተው እየጠበቁን ነው!

ይህ ደንብ «ች»ን ብቻዋን ወደ ታች ሊያወርዳት ይችላል። ጋሼ ይህን ቢያዩ በቀይ እስክሪብቶ ይከቡታል። አንድ ፊደል ብቻዋን መስመር አታስጀምር የሚለው ትእዛዛቸው ሁላችንም ጆሮ ውስጥ አለ። ስለዚህ የተሻለ ፋይል መሠራት አለበት። ምናልባት እዚህ ከተቀመጣችሁት አንዳችሁ ትሠሩታላችሁ። «ስለ»ን፣ «እንደ»ን፣ «ዎች»ን ለይቶ የሚያውቅ፣ በቅጥያና በሥር መካከል መክፈልን የሚያስቀድም ፋይል። ያን ቀን ምን ታደርጋላችሁ? «አማርኛ» የሚለው ስም ተይዟል። አዲሱን በዚያው ስም ላይ ትጭኑበታላችሁ? በዚያ ስም የተሠራ መጽሐፍ ሁሉ ነገ ጠዋት ይለወጥ? ዲያስፖራ ያለ አንድ ወንድማችን የጸሎት መጽሐፍ አቀናብሮ ቢሆንስ? ምእመናኑ ገጹን በቃላቸው የሚያውቁት ቢሆንስ?

እባካችሁ፣ ሌላ ስም ስጡት። ቀን ያለበት ስም ስጡት። ጭረት ማሳየትና አለማሳየትም ለብቻው የሚመረጥ ይሁን እንጂ ከፋይሉ ጋር አትቆልፉት። የድረ ገጹ ደንብ፣ ሲኤስኤስ፣ በዚህ መልካም ምሳሌ ነው። የኛን ፊደል ጠቅሶ ሁለት የአሰባበር ልማድ እንዳለው ያስቀምጣል። በቃላት መለያው ላይ ብቻ መስበር አንዱ ነው። በቃሉ ውስጥ በፊደላት መካከልም መስበር ሌላው ነው። ሁለቱም የየራሳቸው መጠሪያ አላቸው። ጸሐፊው ምንም ካላለ የመጀመሪያው ይሆናል። የትኛውም ልማድ ሌላውን አላባረረም።

አሁን አንድ ነገር እንድናደርግ እለምናችኋለሁ። አዲስ ደንብ የሚሠራ ፕሮግራመር ሥራው የድሮውን እንዳልነካ በምን ያውቃል? የሚያወዳድረው ነገር ያስፈልገዋል። ቴክን የሚያሻሽሉ ሰዎች ክኑዝ ያዘጋጀው አስቸጋሪ የፈተና ፋይል አላቸው፤ ያንን ያላለፈ ፕሮግራም ቴክ ነኝ ማለት አይችልም። እኛ እንዲህ ያለ የአማርኛ ፈተና የለንም። ስለዚህ የማተሚያ ቤት ሰዎች፣ ፋይሉም የታተመው መጽሐፉም በእጃችሁ ያለ ሥራ ካላችሁ አምጡልን። ባለቤቱ የፈቀደውን ብቻ። በሁለት ነጥብ የተጻፈ፣ በክፍት ቦታ የተጻፈ፣ በጠባብ ዓምድ የወጣ፣ በእጅ ጭረት የተሞላም ቢሆን። ፕሮግራመሮቹ ደግሞ በእያንዳንዱ አዲስ ስሪት ፋይሎቹን እንደገና አውጥተው፣ እያንዳንዱ መስመር በየትኛው ፊደል እንዳበቃ ከድሮው ጋር ያመሳክሩ። አንድ መስመር እንኳ ሳይጠሩት ከተንቀሳቀሰ ስሪቱ አይውጣ።

መመዝገቢያ ወረቀቱ በር አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። የሥራውን ዓይነት፣ በየትኛው ሶፍትዌርና በየትኛው ስሪት እንደተሠራ ጻፉበት። ስሪቱን የማታስታውሱ ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ፣ ፈልገን እናገኘዋለን። አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ። ከፊት ካሉት ታላላቆቻችን እንጀምር።